«ሰዉ ማንበብ አይወድም» እያላችሁ አታመካኙ

አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም ያዘጋጃል፤ ሰው ሳይመጣ ይቀራል። ግምገማ ላይ አንዱ ተነስቶ «ምን ይደረግ፣ ሰዉ ማንበብ አይወድም» ይላል። ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ይህን አባባል መስማት አንገሽግሾኛል። የሚናገሩት ደግሞ የሙያ አጋሮቼ መሆናቸው ይብስ ያናድደኛል።

ለመሆኑ ሰዉ ፕሮግራም መኖሩን ሰምቷል? ማስታወቂያው የተለጠፈው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከሆነ የሚያየው ድሮም የሚመጣው ሰው ብቻ ነው። ሰዓቱስ? ተቀጣሪዎችን ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጠርቶ ለምን ቀሩ ማለት አይቻልም። እናትስ ልጇን ለማን ትታ ትምጣ? አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍት ከሌለ በዊልቸር የሚሄድ ሰው በምን ይውጣ? እነዚህ ሁሉ ከንባብ ፍቅር ጋር ምንም አያገናኛቸውም።

እንዳማክር የተጠራሁበት አንድ ቤተ መጻሕፍት ለሥራ ፈላጊዎች ነፃ የኮምፒውተር ስልጠና ከፍቶ ተማሪ አጥቶ ነበር። ሥራ ፈላጊዎች የቅጥር ማስታወቂያ የሚያነቡበት ሰሌዳ ጋ ሄደን ጠየቅን። አንድ ወጣት «እኔ እኮ መጥቼ ነበር» አለን። በሩ ላይ «መታወቂያና ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዛችሁ ቅረቡ» የሚል ወረቀት አይቶ ነው የተመለሰው። ወረቀቱ መጽሐፍ ለሚዋሱ አባላት እንጂ ለስልጠናው አልነበረም፤ ግን ይህን ከውስጥ ሠራተኛ በቀር ማን ያውቃል? ወረቀቱ ተነሳ፣ «ስልጠናው ነፃ ነው፣ አባል መሆን አያስፈልግም» የሚል በትልቁ ተጻፈ፣ ሰዓቱም ወደ አመሻሽ ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ወንበር ከንባብ ክፍል እየተጎተተ ይመጣ ጀመር። ሰዎቹ እነዚያው «የማይወዱት» ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ከማቀዳችሁ በፊት ቤተ መጻሕፍት የማይመጣውን ሰው ጠይቁ። እሱ ደግሞ እናንተ ጋ አይገኝም፤ ገበያ፣ ጤና ጣቢያ፣ የወላጆች ስብሰባ ድረስ መሄድ አለባችሁ። «ምን ፕሮግራም ትፈልጋላችሁ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሰው ደስ እንዲላችሁ ብሎ የመጣለትን ይነግራችኋል። «ሰሞኑን ምን አስቸገረህ? ከሥራ ስንት ሰዓት ትወጣለህ? አዲስ ነገር ከማን ትሰማለህ?» በሉት። ከዚያ በትንሹ ሞክሩ። ቀኑንና ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ አትቀያይሩ፣ ወሬው ከሰው ወደ ሰው እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ቀን አምስት ሰው መጣ ብሎ ፕሮግራም መሰረዝ ችኮላ ነው።

«ሥራችን መጽሐፍ ማዋስ ነው፣ ፕሮግራም ትርፍ ነው» የሚሉም አሉ። የዩኔስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ (የዓላማ መግለጫ) መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ በ2022 የታደሰው ቅጂ ለሁሉም ዕድሜ የንባብና የጽሕፈት ፕሮግራሞችን ማካሄድን ከዋና ተልዕኮዎቹ ይቆጥራል። አልቋል።

«በጀት የለንም»። ለአንዳንዱ እውነት ነው፣ ለሁሉም ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ዴንማርክ ውስጥ የተጀመረው «ሰብዓዊ ቤተ መጻሕፍት» አንባቢው በመጽሐፍ ፋንታ ሰው «ተውሶ» ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ፕሮግራም ነው። ዋናው ወጪ ፈቃደኛ ሰው መፈለግና ማዘጋጀት ነው።

«ብዙ ሰው ከመጣ ተሳክቷል» የሚለውም ያሳስታል። ሪፖርቱ ላይ የተሳታፊ ቁጥርና የቡድን ፎቶ ይሞላል፤ ሰዉ ምን ይዞ እንደሄደ ግን አይታወቅም። የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ያስጀመረው የምዘና ዘዴ አጭር መጠይቅ ነው። አዲስ ነገር አወቁ? በራስ መተማመንዎ ጨመረ? የተማሩትን ሊጠቀሙበት አስበዋል? ምን ይሻሻል? አንድ ገጽ አይሞላም፣ ተሳታፊው ከመውጣቱ በፊት ይሞላዋል። መልሱን ግን አንብቡት! ተሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ የሚቀር መጠይቅ ስንት አይቻለሁ። «ድምፁ ከኋላ አይሰማም» ተብሎ ከተጻፈ ለሚቀጥለው ማይክ ይዘጋጅ፣ ወይም ወንበሮቹ ክብ ተደርገው ይደርደሩ።

የመጨረሻው «የለመድነውን ፕሮግራም አንነካም» የሚለው ነው። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ቤተ መጻሕፍት የሚያድግ ሕያው አካል ነው ብሎ ጽፏል። ልጆቹ አድገው የሄዱበትን የተረት ሰዓት ዝጉት፤ ከመዝጋታችሁ በፊት ግን አሁንም ለሚመጡት ወላጆች አስቀድማችሁ ንገሩ፣ በቦታው ምን እንደሚተካም አብራችሁ ተነጋገሩ።