የመጀመሪያዎቹን ሳተላይቶች በዓይን ማየት

ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 1957 የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ 1ን ካመጠቀች በኋላ በልዩ ልዩ አገሮች ሰዎች ከቤታቸው እየወጡ ሰማዩን ይቃኙ ጀመር። ብዙዎች በከዋክብት መካከል እየተንቀሳቀሰ የሚያልፍ ብርሃን አይተዋል፤ ያዩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳተላይቱን ሳይሆን አብሮት ምህዋር የገባውን የሮኬቱን ዋና አካል ነበር። ስፑትኒክ 58 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 83.6 ኪሎ ግራም ክብደት ያላት ኳስ ስለነበረች፣ ጥርት ባለ ጨለማ ሰማይ ላይ እንኳ ያለ አቅራቢ መነጽር የምትለየው በጭንቅ ነው። ከ25 ሜትር በላይ የሚረዝመው ሮኬት ግን እንደ ደማቅ ኮከብ ይታይ ነበር።

ሳተላይት የራሱ ብርሃን የለውም። የሚታየው ምድር ላይ ጨልሞ፣ እርሱ ባለበት ከፍታ ግን ፀሐይ ገና ስታበራ በመሆኑ፣ ተመልካቾች የሚጠብቁት ከምሽት በኋላና ከንጋት በፊት ያለውን አጭር ጊዜ ነበር።

አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍሬድ ዊፕል ሳተላይቶችን በዓይን መከታተል እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ አስቦ በ1956 ሙንዋች (Moonwatch) የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች መረብ አቋቁሞ ነበር። አባላቱ ትንንሽ ቴሌስኮፖችን በመስመር ደርድረው እያንዳንዳቸው የሰማዩን አንድ ክፍል ይጠብቃሉ፤ ሳተላይቱ ሲያልፍም ሰዓቱንና ቦታውን ይመዘግባሉ። ደመወዝ የማይከፈላቸው እነዚህ ሰዎች ያደረጉት አስተዋጽኦ ከፍ ያለ ክብር ይገባዋል፤ ምክንያቱም ሳተላይቶችን ለመከታተል የተሠሩት ግዙፎቹ የቤከር ነን ካሜራዎች ሥራ እስኪጀምሩ ድረስ ምህዋሩን ለማስላት ያገለገለው በዓይን የተገኘው መረጃ ጭምር ነበር። ከእነዚያ ካሜራዎች አንዱ በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ፣ ደብረ ዘይት ተተክሎ ሠርቷል።

ከምልከታው የተገኘው እውቀት ቀላል አልነበረም። ሳተላይቶቹ በአየር ሰበቃ ምህዋራቸው እየጠበበ ሲሄድ፣ የላይኛው ከባቢ አየር ቀድሞ ከተገመተው ይልቅ የታመቀ መሆኑ ታወቀ። ላይካ የተባለችውን ውሻ የያዘው ስፑትኒክ 2 ከሮኬቱ ስላልተለየ በቀላሉ ይታይ ነበር፤ የምህዋሩ ለውጥም ምድር በዋልታዎቿ ምን ያህል ጠፍጣፋ እንደሆነች በተሻለ ትክክለኛነት ለመለካት ረድቷል።

ከሁሉም ደምቆ የታየው አሜሪካ ኦገስት 12 ቀን 1960 ያመጠቀችው ኤኮ 1 ነው። 30 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በአሉሚኒየም የተለበጠ ፊኛ ስለነበር፣ ለማየት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም ነበር። ከስፋቱ አንጻር እጅግ ቀላል በመሆኑ የፀሐይ ብርሃን ግፊት ብቻ ምህዋሩን ይለውጠው ነበር፤ በመጨረሻም በሜይ 1968 ወደ ከባቢ አየር ተመልሶ ተቃጠለ።