ተሬይን ፓርክ፦ በረዶ ላይ አሳምሮ መዝለል

ተሬይን ፓርክ ማለት በበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ላይ ለትሪክ፣ ማለትም ለዝላይና ለመሽከርከር ጨዋታ፣ ተብሎ የተከለለ ቦታ ነው። በረዶው በማሽን ተገፍቶ፣ ተቆልሎና ተስተካክሎ መዝለያ ይሆናል። በየመሀሉ ደግሞ ቀጫጭን የብረት ሬይሎችና ሰፋ ያሉ፣ ላያቸው ፕላስቲክ የሆነ ቦክሶች ይተከላሉ። ሐሳቡ ቀጥታ ከስኬትቦርድ የመጣ ነው። ከተማ ውስጥ የደረጃ መደገፊያ ብረት ላይ የሚንሸራተቱ ልጆች አይተህ ከሆነ፣ ያው እሱን በረዶ ላይ አስበው።

የሚነዳው ስኖውቦርድ ነው፤ ሁለት እግር ጎን ለጎን ታስሮ የሚቆምበት ሰሌዳ። ቦርዱ ራሱ ሲጀመር መጫወቻ ነበር። ሸርማን ፖፐን የሚባል የሚሺጋን ሰው በ1965 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሁለት ስኪ ጎን ለጎን አያይዞ ለልጆቹ ሰጣቸው፤ ስሙም ስነርፈር ተባለ። በ1977 ጄክ በርተን ካርፔንተር ቨርሞንት ውስጥ ቦርድ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ብዙ ተራሮች ግን ለረጅም ጊዜ ቦርድ የያዘ ሰው አናስገባም ብለው ቆይተዋል፣ አሜሪካ ውስጥ እስከ ዛሬ በእምቢታቸው የጸኑም አሉ። ስኖውቦርድ ኦሊምፒክ የገባው በ1998 ጃፓን ናጋኖ ላይ ነው፤ ያኔም የዘመኑ ኮከብ ኖርዌጂያዊው ተርዬ ሃኮንሰን አልወዳደርም ብሎ ቀረ። የፓርኩ ውድድር ማለትም ስሎፕስታይል ደግሞ እስከ 2014 መጠበቅ ነበረበት።

ወደ ቴክኒኩ እንምጣ። ግራ እግርህን ካስቀደምክ ሬጉላር ነህ፣ ቀኝህን ካስቀደምክ ጉፊ። በተቃራኒው መንዳት ስዊች ይባላል። ብዙ ሰው ስዊች መለማመድ ይሰለቸዋል፣ ግን 180 ዲግሪ፣ ማለትም ግማሽ ዙር፣ ዞረህ ስታርፍ የምትነዳው በስዊች ስለሆነ ማምለጫ የለውም።

ሬይልና ቦክስ ላይ ትልቁ ስህተት ጠርዝ መጫን ነው። በረዶ ላይ የሚያድንህ የቦርዱ የብረት ጠርዝ፣ ሬይል ላይ ወዲያው ያንሸራትትህና በጀርባህ ያስተኛሃል። ቦርዱ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ጉልበት ለስለስ ብሎ፣ ክብደት መሀል ላይ ሆኖ፣ ዓይን ደግሞ እግር ላይ ሳይሆን የሬይሉ ጫፍ ላይ። ፍርሃት ሰውነትን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ወደ ኋላ ሲያጋድሉ ደግሞ ቦርዱ ከሥር ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ሰፊ ቦክስ ላይ ቀጥ ብሎ ማለፍ ይቀድማል፤ ይህን ፊፍቲ ፊፍቲ ይሉታል። ቦርዱን አግድም ማዞር በኋላ ይመጣል።

መዝለያ ላይ ዋናው ጉዳይ ፍጥነት ነው። መዝለያው መነሻ፣ መሀሉ ላይ ጠፍጣፋ ሜዳና ቁልቁል የወረደ ማረፊያ አለው። ማረፊያው ቁልቁል የሆነው በምክንያት ነው፤ አወዳደቅህ ከመሬቱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ምቱ ይቀንሳል። ፍጥነት አንሶህ ሜዳው ላይ ካረፍክ ግን ጉልበትህና ወገብህ ይነግሩሃል። መጀመሪያ ሳትዘል በጎን እያለፍክ እየው፣ ከዚያ የሚያውቀውን ሰው ፍጥነት ተከተል። መነሻው ጫፍ ላይ ደርሶ ፍሬን መያዝ ከሁሉም የባሰ ነው።

አሁን ስታይል። ጀማሪን ከሩቅ የምታውቀው አየር ላይ እጁን ሲያራግብ ነው። ፈረንጆቹ ይህን መስኮት ማውረድ ብለው ይቀልዱበታል፣ የድሮ መኪና በእጅ የሚሽከረከረውን መስኮት ማለታቸው ነው። መድኃኒቱ ግራብ ነው፣ ቦርዱን መያዝ። ግን ጎንበስ ብለህ እጅህን ወደ ቦርዱ አትስደድ፤ ጉልበትህን አጥፈህ ቦርዱን ወደ እጅህ አምጣው። በኋላ እጅ (በኋለኛው እግርህ በኩል ባለው) በእግር ጣቶችህ በኩል ያለውን ጠርዝ ከያዝክ ኢንዲ ነው፣ በፊት እጅ ከሆነ ሚዩት። በፊት እጅ በተረከዝ በኩል ሜለን ይባላል። ሜለኑን ይዘህ ቦርዱን ከጀርባህ ወደ ላይ ከሳብከው ደግሞ ሜተድ ይሆናል፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ምንም አትዞርም፣ ግን የሁሉም ሰው ሜተድ እንደ እጅ ጽሑፉ ይለያያል። ነክቶ መልቀቅም መያዝ አይደለም፤ ቆይበት።

ስለ ስታይል ክርክር ከተነሳ የ2014ቱ የሶቺ ኦሊምፒክ የስሎፕስታይል ፍጻሜ መጠቀሱ አይቀርም። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ሦስቴ የሚገለበጥ ዝላይ ይዘው መጥተው ነበር። አሜሪካዊው ሴጅ ኮትሰንበርግ ግን ያልተለመዱ ግራቦችን ይዞ፣ ከዚያ በፊት ሞክሮት የማያውቀውን 1620 ዲግሪ፣ ማለትም አራት ዙር ተኩል፣ ጨምሮ አረፈና የመጀመሪያውን የስሎፕስታይል ወርቅ ወሰደ። ዳኞቹ አበዱ ያለም ነበር፣ እሰይ ያለም ነበር። ቁጥሩ ግን ከዚያ ወዲህ አልቆመም፤ በ2025 ጃፓናዊው ሂሮቶ ኦጊዋራ አሜሪካ አስፐን ላይ 2340 ዲግሪ፣ ማለትም ስድስት ዙር ተኩል ዞሮ አርፏል። በዓይን መቁጠር እንኳ አይቻልም።

ፓርኩ የራሱ ሥርዓትም አለው። መነሻው ላይ ተራ ይጠበቃል፤ ሊነሳ ያለ ሰው ድሮፒንግ (ልወርድ ነው) ብሎ ይጮሃል። ማረፊያ ላይ ከወደቅክ ቶሎ ጥግ ያዝ፣ ከላይ የሚመጣው አያይህም። ዕቃዎቹ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ተብለው ምልክት ስለሚደረግባቸው ከትንሹ ጀምር። ግዴታ ባልሆነበት ቦታም ሄልሜት አድርግ። ስትወድቅ እጅህን ዘርግተህ አትመክት፣ የጀማሪ አንጓ የሚሰበረው እንደዚያ ነው።

ይህን ሁሉ ለመልመድ ትልቅ ተራራ አያስፈልግም። ሚኒሶታ ያላችሁ ሀበሾች ብሉሚንግተን ያለውን ሃይላንድ ሂልስ ታውቁት ይሆናል። ከላይ እስከ ታች 53 ሜትር ገደማ ነው፣ ከኮረብታ አይበልጥም። ፓርኩ ውስጥ ግን ያለማቋረጥ የሚዞር ጎታች ገመድ አለ። ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ የለም፤ ገመዱን ይዘህ ትወጣለህ፣ አንዱን ሬይል ትሞክራለህ፣ ትወድቃለህ፣ በረዶህን አራግፈህ ገመዱን ትይዛለህ። ትልቅ ተራራ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚፈጀውን ድግግሞሽ እዚህ ከሥራ መልስ በመብራት ታገኘዋለህ። ጓንትህን ግን ገመዱ ይበላዋል፣ ርካሽ የቆዳ ጓንት ደርበህ ሂድ።