ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም በትልልቅ የቤት ዓሦች፦ ምርመራውና ሕክምናው

በመስታወት ገንዳ ወይም በግቢ ኩሬ የሚኖሩ፣ ጨው አልባ ውሃ የሚፈልጉ ትልልቅ ዓሦች ሲታመሙ ባለቤቶቻቸው የሚያዩት ነገር ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ትናንት ምግብ ሲያይ ወደ ውሃው ፊት ይሮጥ የነበረው ዓሣ ዛሬ ጥግ ይዞ ይተኛል፤ ክንፎቹን ወደ ሰውነቱ ያጣብቃል፤ የሚወደውን ምግብ እንኳ አፉ ውስጥ አስገብቶ መልሶ ይተፋዋል። የሚታይ ቁስልም ሆነ ነጠብጣብ የለበትም። ዓሣ ሕመሙን የሚገልጽባቸው መንገዶች ጥቂት በመሆናቸው የውሃ መበላሸት፣ ዓሣው በሚተነፍስበት አካል (በስንጥብ) ላይ የሰፈረ ጥገኛ ተሕዋስ፣ የኩላሊት መድከም እና የተዋጠ ጠጠር ከውጭ ሲታዩ እምብዛም አይለያዩም። የባለሙያው ሥራ እነዚህን አንድ በአንድ መለየት ሲሆን፣ የሚለይበት ቅደም ተከተል ከሚሰጠው መድኃኒት የማይተናነስ ዋጋ አለው።

በዚህ ረገድ በብዛት የሚነሱት ኦስካር፣ ኮይ፣ ጎልድፊሽ፣ አሮዋና እና ፕሌኮ ናቸው። ኦስካር እ.ኤ.አ. በ1831 በሉዊ አጋሲ በሳይንስ የተመዘገበ የአማዞን ተፋሰስ ዓሣ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው አራት ወይም አምስት ሴንቲሜትር ሆኖ ሳለ ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ 25 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ሲጎለምስም 30 ሴንቲሜትር አልፎ ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። የጃፓን ኒጋታ አካባቢ ገበሬዎች ከካርፕ እየመረጡ ያራቡት ኮይ ደግሞ 60 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ያድጋል። ዓሣው ሲገዛ የተመረጠው ገንዳ ካደገ በኋላም ሳይቀየር መቅረቱ ብዙዎቹን «ምክንያት አልባ» ሕመሞች የሚያስከትል ዋና ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሕመም ሊቆጠር የማይገባ ባሕርይም አለ፦ ኦስካር ገንዳው ሲቀየርበት ወይም ዕቃው ቦታ ሲለዋወጥበት ያኮርፋል፤ ለቀናት በጎኑ ተጋድሞ ምግብ ሊተው ይችላል። ውሃው ደኅና ከሆነ በራሱ ጊዜ ይነሣል።

ምርመራው ከውሃው ይጀምራል። ዓሣ ከምግቡ ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ያስወጣል። በማጣሪያው ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ ቀላል ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የገባ ትልቅ ዓሣ በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። ናይትራይት ወደ ደም ሲገባ ደሙ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ስለሚያጣ ስንጥቡ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ይሆናል፤ ዓሣው በአየር በተሞላ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። ለዚህ ጉዳት በአሥር ሊትር ውሃ አንድ ግራም የገበታ ጨው እንኳ ትልቅ መከላከያ ነው፤ ከጨው የሚገኘው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥብ በኩል እንዳይገባ ይሻማዋልና።

ግራ የሚያጋባው ግን ዓመታት ያስቆጠረ፣ ውሃው ጥርት ብሎ የሚታይ ገንዳ ነው። በዚህ ዓይነቱ ገንዳ የባክቴሪያዎቹ ሥራ በየዕለቱ ጥቂት አሲድ ይፈጥራል፤ ውሃው አሲዱን የሚያለዝብበት የካርቦኔት ክምችት ከጊዜ በኋላ ያልቅና ፒኤቹ (የአሲዳማነቱ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ6 በታች ይወርዳል። በዚያ ደረጃ ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ይዳከማሉ፤ የአሞኒያው መጠንም ይከማቻል። ሆኖም ውሃው አሲዳማ እስከሆነ ድረስ ከሞላ ጎደል ሁሉም አሞኒየም በሚባለው፣ ጉዳቱ አነስተኛ በሆነው መልኩ ስለሚቆይ ዓሣው ደከም ከማለት በቀር የከፋ ነገር አይታይበትም። ባለቤቱ ዓሣው ደክሞታል ብሎ ከግማሽ በላይ ውሃውን በአንድ ጊዜ በቧንቧ ውሃ ሲለውጠው ፒኤቹ ይወጣል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውሃ ውስጥ፣ ፒኤች 7 ላይ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማ የሆነው 0.6 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን ፒኤች 8 ላይ ወደ 5 በመቶ፣ ፒኤች 9 ላይ ደግሞ ወደ 36 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ለዓሣው ጤና ተብሎ የተደረገ ጽዳት በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል፤ «ውሃውን ባጸዳሁ ማግስት ሞተብኝ» የሚለው አቤቱታ መነሻው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። መፍትሔው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ውሃ በየቀኑ እየለወጡ፣ ምግብ እየቀነሱና አሞኒያውን በየዕለቱ እየለኩ ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት በትዕግሥት መሄድ ነው።

የቧንቧ ውሃ ሌላም ጣጣ አለው። ክሎሪን ስንጥብን ያቃጥላል። ክሎሪን ብቻ ከሆነ ውሃውን ክፍት በሆነ ዕቃ አንድ ቀን ማሳደር ወይም ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት ማርከሻ መጨመር ይበቃል። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች የሚጠቀሙበት ክሎራሚን ግን በማሳደር አይለቅም፤ ሲፈርስም አሞኒያ ይተዋል። በአዲስ አበባ ከዚህ የሚብሰው የኦክስጅን ጉዳይ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ሙቀቱ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር ስምንት ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ያው ውሃ ስድስት ሚሊግራም ገደማ ብቻ ይይዛል። ትልቅ ዓሣ በተጨናነቀበት ገንዳ ውስጥ ሌሊት መብራት ጠፍቶ የአየር መንፊያውና ማጣሪያው ሲቆሙ ይህ ልዩነት የሞትና የሕይወት ይሆናል። ጠዋት ባለቤቱ ሲነሣ መብራቱ መጥቶ፣ ሁሉም ነገር እየሠራ፣ ትልቁ ዓሣ ብቻ ሞቶ ይገኛል። ትንንሾቹ ተርፈው ትልቁ ብቻ መሞቱ የኦክስጅን እጥረት ዋና ምልክት ነው፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያም ከማንኛውም መድኃኒት በፊት ሊገዛ የሚገባው ዕቃ ነው።

ውሃው ተለክቶ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ጥያቄው ወደ ታሪክ ይዞራል፦ በቅርቡ የገባ አዲስ ዓሣ አለ ወይ፣ ምግቡ ምንድን ነው፣ አጠገቡ ቀለም ተቀብቷል ወይም የነፍሳት መርዝ ተረጭቷል ወይ፣ ከገንዳው ወለል የጎደለ ጠጠር አለ ወይ። የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ አይደለም፤ ኦስካር ጠጠር እየላሰ ቆፍሮ የሚጫወት ዓሣ ስለሆነ አንዳንዴ ይውጠዋል። ለመብል የሚሰጡ ሕያው ትንንሽ ጎልድፊሾችም ጥገኛ ተሕዋስ ይዘው ይገባሉ፤ በተጨማሪም ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላላቸው እነሱን ብቻ ሲበላ የከረመ ዓሣ የነርቭ ችግር ሊያጋጥመው ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቆዳና የስንጥብ ናሙና ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ተራ ማይክሮስኮፕ ቢሆንም ከሁሉም ምርመራዎች ይህን ያህል ለጥረቱ የሚመልስ የለም። ዓሣው በረጠበ ለስላሳ ፎጣ ወይም ስፖንጅ ላይ ተደግፎ ዓይኑ ይሸፈንለታል፤ የማይክሮስኮፕ ናሙና የሚሸፈንበት ስስ መስታወት ጠርዝ ከጎን ክንፉ ጀርባ ተነሥቶ ከራስ ወደ ጅራት በቀስታ ይጎተታል፤ የተሰበሰበው ልጋግ በዚያው ገንዳ ውሃ ጠብታ ላይ ተቀምጦ ወዲያው ይታያል። ጥቂት ደቂቃ ካለፈ ተሕዋሲያኑ ይሞታሉ፤ ከሞቱ በኋላ መለየት ያስቸግራል። ትሪኮዲና የሚባለው ጥገኛ ክብ ሆኖ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። ኮስቲያ በጣም ደቃቅ በመሆኑ እንቅስቃሴው ካልታየ ከልጋግ ፍርፋሪ አይለይም። ጋይሮዳክቲለስ የሚባለው ትል ሕያው ልጅ የሚወልድ በመሆኑ በእናቲቱ ሆድ ውስጥ የጽንሱ መንጠቆዎች ይታያሉ። ነጭ ነጠብጣብ የሚያስከትለው ኢክ ደግሞ ትልቅ፣ በዝግታ የሚንከባለልና በውስጡ የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያለው አስኳል የያዘ ነው። ኢክ ስንጥብ ላይ ብቻ ሰፍሮ ቆዳው ላይ አንዲት ነጠብጣብ ላይታይ ስለሚችል ዓይን ብቻውን አይታመንም።

የኢክን ሕክምና የሚወስነው የሕይወት ዑደቱ ነው። ተሕዋሲው ቆዳ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ መድኃኒት አያገኘውም፤ የሚሞተው ወልቆና ተባዝቶ በውሃ ውስጥ አዲስ ዓሣ ፍለጋ በሚዋኝበት አጭር ጊዜ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ዑደቱ በሳምንት ውስጥ ይጠናቀቃል፤ በቀዝቃዛ ኩሬ ግን ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ነጠብጣቡ ጠፋ ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥ በሽታውን መልሶ መጋበዝ ይሆናል። ለትሎች ፕራዚኳንቴል ይሰጣል።

የባክቴሪያ በሽታዎች በአብዛኛው ተከትለው የሚመጡ ናቸው። ኤሮሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ በማንኛውም ገንዳ ውስጥ አለ፤ ዓሣው በመጥፎ ውሃ ወይም በጥገኛ ተሕዋስ ሲደክም ይገባበታል። አፍና ክንፍ ላይ እንደ ጥጥ የሚታየው ኮለምናሪስ ፈንገስ ይመስላል እንጂ ባክቴሪያ ነው፤ በፈንገስ መድኃኒት ሲታከም ጊዜ ያልፋል። ሆድ ተነፍቶ ቅርፊት ወደ ውጭ ሲቆም ብዙዎች ይህን ራሱን የቻለ በሽታ ያደርጉታል፤ ዳሩ ግን ኩላሊት ውሃ ማስወጣት ሲያቅተው የሚታይ ምልክት ነው። መነሻው ኢንፌክሽን፣ ዕጢ ወይም የረጅም ጊዜ መመረዝ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ዓሣም እምብዛም አይድንም። የኦስካር ራስ ላይ የሚወጡት ቀዳዳዎች መንስኤ እስካሁን ያከራክራል። ስፓይሮኑክሊየስ የሚባል የአንጀት ጥገኛ፣ የቫይታሚን እጥረትና የቆየ ውሃ ይጠቀሳሉ፤ ሐኪሞች ሜትሮኒዳዞል በምግብ ቢያዙም ውሃው ካልተሻሻለ ቀዳዳዎቹ ተመልሰው ይመጣሉ።

ትልቅነት ለሕመም እንደሚያጋልጥ ሁሉ ለምርመራ ይጠቅማል። የሦስት ሴንቲሜትር ዓሣ ደም መቅዳት ዘበት ነው፤ ከ30 ሴንቲሜትር ኮይ ግን ከጅራቱ ሥር ካለው የደም ሥር መቅዳት፣ መዝኖ በኪሎ ልክ መርፌ መውጋት፣ አልትራሳውንድ ማየትም ይቻላል። ራጅ በተለይ ለአየር ከረጢት ችግርና ለተዋጠ ጠጠር ጥሩ ነው፤ አየር የያዘው ከረጢት በፊልሙ ላይ ጥቁር ሆኖ ጎልቶ ይወጣል፤ ጠጠሩም ይነጣል። ለዚህ ሁሉ ዓሣው የሚደነዝዘው ኤምኤስ-222 በተባለ መድኃኒት ሲሆን መድኃኒቱ ውሃውን አሲዳማ ስለሚያደርግ በሶዲየም ባይካርቦኔት ይመጣጠናል፤ ከቅርንፉድ የሚገኘው ዘይትም ለዚሁ ያገለግላል። ቀዶ ሕክምናም ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ ጆርጅ የተባለ ጎልድፊሽ ራሱ ላይ የበቀለ ዕጢ ወጥቶለት ወደ ኩሬው ተመልሷል።

ኮይ ለያዘ ሰው ለብቻው የሚነሣ አንድ ቫይረስ አለ። የኮይ ሄርፒስ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1998 በእስራኤል የካርፕና የኮይ እርባታዎች ላይ ከፍተኛ እልቂት ካስከተለ በኋላ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ በ2003 በጃፓን የካሱሚጋውራ ሐይቅ ካርፖች ላይ ደርሷል። የውሃው ሙቀት ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይበረታል፤ ስንጥቡን ያበሰብሳል፤ ዓይንን ያጎደጉዳል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ይገድላል። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ሙቀቱን ወደ 30 ዲግሪ ማሳደግ ሞትን ቢቀንስም የተረፉት ቫይረሱን ተሸክመው ይኖራሉ። ስለዚህ አዲስ የገባ ኮይ ለብቻው መቆየት ያለበት ቫይረሱ በሚነሣበት ሙቀት ነው፤ በብርድ ውሃ ወር ሙሉ ማቆየት ምንም አይነግርም።

የሕክምናው ስሕተት በብዛት የሚሠራው በመጠን ላይ ነው። ርዝመቱ 180፣ ስፋቱና ከፍታው 60 ሴንቲሜትር የሆነ ገንዳ ሲባዛ 648 ሊትር ይሆናል፤ ከዚህ ላይ ጠጠሩ፣ እንጨቱና ያልሞላው ክፍል ይቀነሳል። ፎርማሊን የሚባለው መድኃኒት ከውሃው ኦክስጅን ስለሚቀንስ አየር ሳይጨመር አይሰጥም። በማጣሪያው ውስጥ የነቃ ከሰል ካለ መድኃኒቱን ስለሚመጥ ይወጣል። ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ውሃ እምብዛም ስለማይጠጣ አብዛኛው አንቲባዮቲክ ውሃ ውስጥ ሲበጠበጥ ወደ ደሙ በበቂ መጠን አይገባም፤ ይልቁንም የማጣሪያውን ባክቴሪያ ሊገድል ይችላል፤ አሞኒያም እንደገና ይመጣል። የሚበላ ዓሣ አንቲባዮቲኩን በምግብ፣ የማይበላ ደግሞ በመርፌ ያገኛል፤ ሁለቱም የሐኪም ትእዛዝ የሚጠይቁ ናቸው። በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ከሚደረግበት ገንዳ ይልቅ ምንም ሳይደረግበት ውሃው ብቻ የሚለወጥለት ገንዳ የተሻለ ዕድል አለው።

ቀስ በቀስ እየከሳ፣ አከርካሪው እየጎበጠ፣ ለምንም መድኃኒት መልስ የማይሰጥ ዓሣ ማይኮባክቴሪየም ይጠረጠርበታል። ይህ ባክቴሪያ በተቧጨረ እጅ በኩል ወደ ሰው ገብቶ ለወራት የማይድን የቆዳ እባጭ ሊያወጣ ስለሚችል ገንዳው ውስጥ በባዶ እጅ መግባት አይገባም፤ የቆየ እባጭ ያለበት ሰውም ዓሣ እንደሚይዝ ለሐኪሙ ሊነግር ይገባል።

ዓሣው ሊድን እንደማይችል ሲታወቅ ከመጠን ያለፈ ማደንዘዣ ሰጥቶ ማሳረፍ ተገቢው መንገድ ነው። አስከሬኑ ቢመረመር ሌሎቹን ለማትረፍ ይረዳል፤ ሆኖም ዓሣ ቶሎ ይበሰብሳልና ከሞተ በሰዓታት ውስጥ መከፈት አለበት፤ ካልተቻለ በበረዶ ላይ ወይም በማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል፤ በረዶ ሆኖ እንዲረጋ ከተደረገ ግን የኅዋሳቱ ቅርጽ ስለሚፈርስ በማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም። ወደ ምርመራው ከአስከሬኑ ጋር በተለየ ንጹሕ ጠርሙስ ከገንዳው የተቀዳ ውሃ፣ የሙቀቱ መጠንና እስካሁን የተደረጉ መድኃኒቶች ዝርዝር ይላካሉ።