ቶርኖ ቤት የተነሳ የናኖ ብረት ክርክር

አዳማ ውስጥ ጎራ የምልበት ቶርኖ ቤት አለ። ባለቤቱን «ጋሼ» ነው የምላቸው። የብረት ጥንካሬ የሚለኩት በሞረድ ነው፤ ከፋቀው ለስላሳ፣ ካንሸራተተው ጠንካራ። ለዕለት ሥራ አይከፋም። ስለ ናኖ ብረት ሳወራቸው የሞገቱኝን ግን ብዙ ሰው ስለሚለው እዚህ ልመልሰው። ናኖ ብረት የምንለው ክሪስታል ቅንጣቶቹ (አተሞች በሥርዓት የተሰለፉባቸው ክፍሎች) ከ100 ናኖሜትር ያነሱትን ነው፤ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ጥንካሬውን በመሣሪያ የሚለኩት ደግሞ በጠንካራ ሹል ወግተው፣ የሚተወውን ስርጉድ በመለካት ነው።

«ብረት ሲወጋ ይጨመቃል።»
አይጨመቅም ማለት ይቻላል። አተሞቹ ቦታ ነው የሚለቁት። ክሪስታል ውስጥ ዲስሎኬሽን የሚባል የአሰላለፍ ጉድለት አለ፤ እሱ ሲጓዝ ብረቱ ቅርፁን ይቀይራል። የተገፋው ብረት ብዙ ጊዜ በስርጉዱ ዙሪያ ያብጣል፤ ጭቃ ሲረገጥ ጠርዙ ከፍ እንደሚለው።

«ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር ብረቱ ይጠነክራል።»
እስከ አንድ ደረጃ፣ አዎ። የቅንጣቶች ድንበር ዲስሎኬሽንን ያግዳል። ተመራማሪዎቹ ሆል በ1951፣ ፔች በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንኑ ነው። ከ10 እስከ 20 ናኖሜትር አካባቢ ሲደርስ ግን ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። ቅንጣቶቹ ራሳቸው እርስ በርስ መንሸራተት ይጀምራሉ። ጤፍ ጆንያ ውስጥ እጅ ሲገባ ፍሬው አይሰበርም፣ ይንሸራተታል። እንደዚያ በሉት።

«ጠንካራ ብረት ግትርም ነው።»
ናኖ መዳብ ከተራው መዳብ በብዙ እጥፍ ሊጠነክር ይችላል። ግትርነቱ፣ ማለትም ሲጫኑት ላለመለጠጥና ላለመታጠፍ ያለው እምቢታ፣ ግን ብዙም አይቀየርም፤ እሱን የሚወስነው የአተሞቹ ትስስር ነው።

«አንድ ብረት አንድ የጥንካሬ ቁጥር አለው።»
እዚህ ላይ ጋሼ ሳቁብኝ። ግን ያው መዳብ በጥቂቱ ሲወጋ ጠንካራ፣ በጥልቀት ሲወጋ ለስላሳ ሆኖ ይመዘገባል። ምክንያቱን ተመራማሪዎቹ ኒክስና ጋኦ በ1998 እ.ኤ.አ. አስረድተዋል፦ ትንሿ ስርጉድ በጠባብ ቦታ ብዙ ዲስሎኬሽን ታጭቃለች፣ እነሱም እርስ በርስ ይተጋገዳሉ። ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ የሚደርቀው እኮ በዚሁ መተጋገድ ነው! ይህን ስል ሳቃቸውን አቆሙ። ቅንጣቱ በጣም ደቃቅ ሲሆን ግን ድንበሩ ቀድሞ ስለሚያግድ ልዩነቱ ይቀንሳል።

«ማሽን አይሳሳትም።»
ቪከርስ የሚባለው የተለመደው የጥንካሬ መለኪያ ስርጉዱን በማይክሮስኮፕ አይቶ ይለካል። በጣም ትንሽ ስርጉድ የሚወጋው የናኖው መሣሪያ ግን በአብዛኛው አያይም። ባለ ሦስት ጎን የአልማዝ ሹል እየጫነ ጭነቱንና ጥልቀቱን ይመዘግባል፤ የስርጉዱን ስፋት ተመራማሪዎቹ ኦሊቨርና ፋር በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት ያሰላል። ስሌቱ ያበጠውን ጠርዝ አይቆጥርም። ናኖ ብረት ደግሞ ሲወጋ እምብዛም ተጨማሪ ስለማይደርቅ ማበጥ ይወዳል። ጥንካሬው ጭነቱ ለስፋቱ ተካፍሎ ስለሚገኝ፣ ስፋቱ አንሶ ሲሰላ ያለ አግባብ ይጋነናል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያስደነግጥ ጠርዙን በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ (ገጽታውን በረቂቅ ሹል እየዳሰሰ ከፍታውን በሚያነብ መሣሪያ) ማየት ነው።