የድሬዳዋ ባቡር በጠረጴዛ ላይ፦ ለዲጂታል ሞዴል ባቡር ኮረንቲ ማቀድ

በድሮው የሞዴል ባቡር አሠራር ሀዲዱ ላይ ቮልት ሲጨመር ባቡሩ ይፈጥናል፣ ሲቀነስ ይዘገያል። ዲሲሲ በሚባለው ዲጂታል አሠራር ግን ሀዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ቮልት አለ። ቮልቱ በሴኮንድ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እየተገለባበጠ ትእዛዝ ይሸከማል፤ በየሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ትእዛዝ አንባቢ ሰርኪውት፣ ዲኮደር፣ የሚታዘዘው በራሱ ቁጥር ሲጠራ ብቻ ነው። ባቡሩ ቆሞም ቢሆን ሀዲዱ ሙሉ ጉልበት ይዟል፤ ሾርት ከተፈጠረ ኃይሉ ሁሉ ወደዚያች ነጥብ ይፈሳል። 15 ቮልት በ5 አምፒር 75 ዋት ነው። ስታኞ ከሚያቀልጥ ብዙ ካውያ ይበልጣል፤ ዲኮደርም ፕላስቲክም ያቀልጣል።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሳው ሀዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚያ ሲደርስ ነው። የድሮው መስመር ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ1፡87 ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አንሶ፣ ሲሠራ 12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ይውላል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚያልፈው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዚያው ልኬት 16.5 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ይፈልጋል። ሁለቱንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማሳየት ያምራል፤ ሁለት የተለያዩ የኮረንቲ ክፍሎች አድርጎ ማቀድ ደግሞ ከጅምሩ ይቀላል። እውነተኛው አዲስ ባቡር 25,000 ቮልት ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ ይወስዳል። በሞዴሉ ግን የላዩ ሽቦ ለእይታ ብቻ ይሁን፣ ኮረንቲው ከሀዲዱ ይምጣ።

ስንት አምፒር ይበቃል?

የሚቆጠረው በአንድ ጊዜ የሚሠራው ነው። በ1፡87 ልኬት አዲስ ሎኮሞቲቭ ሲጎትት 0.4 አምፒር አካባቢ ይወስዳል፤ የቆየ ሞተር ያለው ከ1 አምፒር ሊያልፍ ይችላል። መብራቱን አብርቶ ወይም ድምፁን እያሰማ የቆመ 0.1 ይያዝለት። ኤልኢዲ መብራት ያለው ፉርጎ 0.02 ይበቃዋል። 3 የሚሄዱ፣ በጋራዡ የቆሙ 4፣ እና 12 መብራት ያላቸው ፉርጎዎች ካሉ 1.2፣ 0.4 እና 0.24 ተደምረው 1.84 ይሆናሉ። ግማሹን መጠባበቂያ ጨምሮ 2.8 ገደማ ነው፤ ኮረንቲውን ከትእዛዙ ጋር ወደ ሀዲዱ የሚልከው መሣሪያ፣ ቡስተር፣ የ3 አምፒር ከሆነ ይበቃል። «ለማንኛውም» ብሎ የ8 አምፒር መግዛት ግን ስህተት ነው፤ ሾርት ሲመጣ የሚፈሰውን ብቻ ያበዛል። ባቡር ሲበዛ ሌላ ቡስተር ጨምሮ ክፍሉን መለየት ይሻላል።

መጋቢው ከየሱቁ የሚገኝ የ19 ቮልት፣ 65 ዋት የላፕቶፕ ቻርጀር ሊሆን ይችላል፤ ቡስተሩ 19 ቮልት የሚቀበልና የሀዲዱን ቮልት ራሱ የሚቆጣጠር ከሆነ ብቻ። አርዱኢኖ በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም የሚደረግ ቦርድ ላይ የተሠራ መቆጣጠሪያ በላዩ የሚሰካውን የተለመደ የሞተር ማንቀሳቀሻ ቦርድ (ሞተር ሺልድ) ከያዘ ቮልቱን በራሱ አያስተካክልም፣ ከ2 አምፒር በላይም አይሸከምም፤ ለሱ የ15 ወይም የ16 ቮልት አዳፕተር ይፈለግ። የሀዲድ መቀየሪያዎችን የሚያንቀሳቅሱ ሞተሮችና የጣቢያው መብራቶች የራሳቸው መጋቢ ይኑራቸው።

ዋናው ነገር ሽቦው ነው

ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ ቡስተሩ ነው፤ ሥራው የሚበላሸው ግን ከጠረጴዛው ሥር ነው። ቡስተሩ ሾርት መኖሩን የሚያውቀው ብዙ ኮረንቲ ሲያልፍበት ብቻ ነው። የመንገዱ ሬዚስታንስ 5 ኦም ከደረሰ በ15 ቮልት የሚያልፈው 3 አምፒር ነው። ቡስተሩ ይህን ከባድ ጭነት ነው ብሎ ዝም ይላል፣ 45 ዋት ደግሞ በመጋጠሚያውና በመንኮራኩሩ አካባቢ ሙቀት እየሆነ ይቀጥላል።

ዋና መስመሩ ቤት ሲሠራ ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይሁን። 10 ሜትር ደርሶ መልስ ሲሄድ ሬዚስታንሱ 0.14 ኦም ገደማ ነው፤ በ3 አምፒር ከግማሽ ቮልት በታች ይጠፋል። በ0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን 2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ቀይና ጥቁሩ እርስ በርስ ይጠማዘዙ፤ ጎን ለጎን ተራርቀው ከሄዱ ሲግናሉ ይረበሻል።

ከዋናው ወደ ሀዲድ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ በየሜትሩ ይበየድ። ከ20 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ የኢንተርኔት ኬብል ፍሬ ሽቦም ይሠራል። የሀዲድ ማያያዣ ላይ መተማመን አይገባም፤ መጀመሪያ ያስተላልፋል፣ ከወራት በኋላ ዝጎና ላልቶ ያስቸግራል።

ፈተናው ቀላል ነው። በየሜትሩ ሳንቲም በሁለቱ ሀዲዶች ላይ ይጋደም፤ ቡስተሩ ወዲያው ካልቆረጠ በዚያ ቦታ ሽቦ ይጨመራል። ቀጥሎ ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የመኪና ፍሬቻ አምፖል በመጨረሻው ጫፍ ይታሰርና ቮልቱ ይለካ። አምፖሉ 2 አምፒር ገደማ ስለሚስብ ድካሙን ያሳያል፤ ስለሚግል ግን ከፕላስቲክ ይራቅ። ተራ ቴስተር የዲሲሲን ቮልት በትክክል አያነብም። በአንድ ቴስተር ቡስተሩ አጠገብና ጫፉ ላይ ለክቶ ልዩነቱን ማየት በቂ ነው፤ ከ1 ቮልት አይበልጥ።

ሁለት ቡስተር ሲኖር በድንበሩ ሁለቱም ሀዲዶች ይቆረጡ። በተቆረጠው ክፍተት ግራና ቀኝ፣ በአንዱ ሀዲድ ላይ ሲለካ ንባቡ ወደ ዜሮ ካልቀረበ የአንዱ ክፍል ሽቦዎች ተገልብጠዋል። ባቡር ፊቱን የሚያዞርበት ቀለበት ወይም ሦስት ማዕዘን ሁለቱን ሀዲዶች አገናኝቶ ሾርት ስለሚፈጥር በሁለት በኩል ተቆርጦ የሽቦዎቹን አቅጣጫ ራሱ የሚገለብጥ መሣሪያ ይፈልጋል፤ መሣሪያውም ከቡስተሩ ባነሰ አምፒር እንዲሠራ ይስተካከል፣ አለዚያ ቡስተሩ ይቀድመዋል።

ሙቀትና የመብራት መቆራረጥ

ቡስተር በሳጥን ተዘግቶ ከጠረጴዛ ሥር ሲቀመጥ ሙቀቱ ይከማቻል፤ በድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ክፍሉ ራሱ ትኩስ ነው። አየር የሚያገኝበት ክፍት ቦታ ይቀመጥ፣ ካስፈለገ ትንሽ የኮምፒውተር ፋን ይታከልለት። 1 ሜትር ሀዲድ በ20 ዲግሪ ልዩነት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጠጣል፤ በቀዝቃዛ ሌሊት የተገጠመ ከሆነ ክፍተት ያስፈልገዋል፣ አለዚያ ይጎብጣልና ብየዳው ይላቀቃል። አቧራው ኮንታክት ስለሚከለክል ሀዲዱ በጨርቅና በአልኮል ይጠረግ።

መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ማጥፋት ልማድ ይሁን። የተመለሰው ኮረንቲ አንዳንዴ ከፍ ብሎ ይመጣልና ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ማብራት ይሻላል። በስታብላይዘር ወይም በትንሽ ዩፒኤስ በኩል ማለፍ ቻርጀሩን ይጠብቃል፤ ዩፒኤስ ከሆነ ባቡሮቹም መሀል መንገድ ላይ በድንገት ከመቆም ይድናሉ።