የመታጠቅ መብት በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው (ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። በሚገባ የተደራጀ ሚሊሻ ለነጻ መንግሥት ደኅንነት አስፈላጊ መሆኑን ጠቅሶ፣ ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝና የመታጠቅ መብቱ እንዳይነካ ይደነግጋል። መብቱ የሚሊሻው ነው ወይስ የእያንዳንዱ ሰው? የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ የሰጠው ከ217 ዓመት በኋላ ነው። የመልሱ ታሪክ ሲጠና ከሕጉ ቃል ባልተናነሰ ሚዛን የሚደፋው፣ የትኛው ጉዳይ፣ በማን ስምና መቼ ችሎት ደረሰ የሚለው ነው።

በ1939 የተወሰነው የሚለር ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። ሚለርና ባልንጀራው ያልተመዘገበ፣ አፈሙዙ ያጠረ የአደን ጠመንጃ ከኦክላሆማ ወደ አርካንሳስ አሻግራችኋል ተብለው ተከሰሱ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ በእነሱ በኩል የቆመ ጠበቃም ሆነ የቀረበ የጽሑፍ ክርክር አልነበረም። ሚለር ራሱ ውሳኔውን ሳይሰማ ተገደለ። ዳኞቹ የመንግሥትን ወገን ብቻ ሰምተው፣ መሣሪያው ለሚሊሻ አገልግሎት እንደሚውል የሚያሳይ ማስረጃ የለም አሉ። የሥር ፍርድ ቤቶችም ይህን በአንድ ወገን ክርክር የተገኘ ውሳኔ እየጠቀሱ ለሰባት አስርት ዓመታት ያህል የመሣሪያ ቁጥጥር ሕጎችን ሲያጸኑ ኖሩ።

በሄለር ጉዳይ ግን ነገሩ ሁሉ ታስቦበት ነበር። ዋሽንግተን ከተማ በ1976 ባወጣችው ሕግ ነዋሪዎች አዲስ ሽጉጥ እንዳያስመዘግቡ ከለከለች፤ ረጃጅም ጠመንጃዎችም ቤት ውስጥ ጥይታቸው ወጥቶ፣ ተፈታትተው ወይም ምላጫቸው ተቆልፎ እንዲቀመጡ አዘዘች። ጥቂት ጠበቆች ይህን ሕግ ለመጣል ስድስት ከሳሾችን መርጠው አቀረቡ። ኃያሉ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር መጀመሪያ ላይ አልተደሰተም፤ ብንሸነፍስ የሚል ስጋት ነበረው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከስድስቱ አምስቱን የመክሰስ መብት የላችሁም ብሎ አሰናበተና ዲክ ሄለርን ብቻ አስቀረ። ሄለር ሽጉጥ ለማስመዝገብ አመልክቶ የተከለከለበት ማስረጃ በእጁ ነበር። ሥራው የፌዴራል ሕንፃ ጥበቃ ነው፤ ቀን ሽጉጥ ታጥቆ መንግሥትን ይጠብቃል፣ ማታ ግን ራሱን ለመጠበቅ ሽጉጥ ቤቱ ማስቀመጥ አይችልም። ለጠበቆቹ ከዚህ የተሻለ ከሳሽ አይገኝም። ሰኔ 26 ቀን 2008 ዳኛ ስካሊያ የጻፉት ውሳኔ በ5 ለ4 ድምፅ መብቱን የግለሰብ አደረገው። ወንጀለኞች እንዳይታጠቁ፣ ትምህርት ቤትና የመንግሥት ሕንፃ መሣሪያ እንዳይገባ የሚከለክሉ ሕጎችን ግን አልነካም። በ2010 የቺካጎው ማክዶናልድ ጉዳይ መብቱን በክፍላተ ግዛትና በከተሞች ላይም አጸናው።

ከዚያ በኋላ ማፈግፈግም ስልት ሆነ። በ2017 ዋሽንግተን በአደባባይ ለመታጠቅ ልዩ ምክንያት አቅርቡ የሚለው ሕጓ ሲሻርባት፣ ሽንፈቱ አገር አቀፍ እንዳይሆን ብላ ይግባኝ ሳትል ቀረች። ኒው ዮርክ ከተማም ፈቃድ ያለው ሽጉጥ ከከተማዋ ውጭ እንዳይወሰድ የሚገድበውን ደንቧን ራሷ አሻሽላ በ2020 ክሱ እንዲዘጋ አደረገች። የተፈራው ግን አልቀረም፤ በ2022 ብሩን (Bruen) በሚባለው ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔ የዋሽንግተኑን የመሰለ የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የፈቃድ ሕግ ሻረ። ዳኛ ቶማስ በጻፉት በዚህ ውሳኔ፣ መንግሥት የመሣሪያ ሕጉን ለማጽናት ከአገሪቱ የታሪክ ልማድ ጋር መስማማቱን ማሳየት አለበት። የሕዝብ ደኅንነት ይጠቀማል ማለት ብቻውን አይበቃም። ዳኞች በ14ኛው ክፍለ ዘመን የወጣ የእንግሊዝ ሕግ ሳይቀር ሲያገላብጡ ማየት፣ በእኔ ግምት፣ የታሪክ ምሁርነትን በግድ ማሸከም ነው።

ጣጣው ብዙ አልቆየም። በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት የፍርድ ቤት እገዳ የተጣለበት ሰው እንዳይታጠቅ የሚከለክለውን ፌዴራላዊ ሕግ አንድ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጥንት ዘመን አቻ የለውም ብሎ ሻረው። በዚህ ጊዜ ለመታጠቅ መብት ፊት የቆመው ሰው ራሂሚ ነበር፤ በበርካታ ተኩሶች የተጠረጠረ፣ ለመብቱ ተሟጋቾች ፈጽሞ የማይመች ተከራካሪ። በ2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ሕጉን አጸናና፣ መርሁ ከጥንቶቹ ሕጎች ጋር ከተመሳሰለ መንታ ሕግ መፈለግ አያስፈልግም አለ። በልዩነት የቆሙት የብሩን ውሳኔ ጸሐፊ ቶማስ ብቻ ናቸው።

ይህ ሁሉ ክርክር ሕጉን አንድ ወጥ አላደረገውም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ፣ የቨርጂኒያ ፈቃድ የያዘ ሰው ሽጉጡን ታጥቆ የፖቶማክን ድልድይ ቢሻገር ያ ፈቃድ አያድነውም፤ ሜሪላንድም አትቀበለውም። ሜሪላንድ ኤአር 15ን የመሰሉ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችንም ትከለክላለች። ይህን ክልከላ የሚቃወም አቤቱታ በ2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ጉዳይ ለማስቀረብ የአራት ዳኞች ድምፅ ያስፈልጋል፤ ይታይ ማለታቸውን ያስመዘገቡት ሦስት ብቻ ስለሆኑ አቤቱታው ሳይታይ ቀረ። ዳኛ ካቫኖ አቤቱታው ባይቀርብም ቅር እንደማይላቸው፣ ጥያቄው ግን በቀጣዩ አንድ ወይም ሁለት የችሎት ዘመን ሊታይ እንደሚገባ ጻፉ።