አልጀብራ 1 ስንተኛ ክፍል ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ልጆቻቸው በስልክ የአሜሪካን የሒሳብ ትምህርት የሚከታተሉ ወላጆች ግር ይላቸዋል። «ልጄ 9ኛ ክፍል ነው፤ ከአልጀብራ 1 ይጀምር ወይስ ከ2?»

የእኛ መጽሐፍ አልጀብራውንም ጂኦሜትሪውንም በየክፍሉ ቀላቅሎ ነው የሚያስተምረው። አሜሪካ ግን በብዛት ለየብቻ ነው። መጀመሪያ አልጀብራ 1 አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ 8ኛ ወይም 9ኛ ክፍል ላይ ይሰጣል። ቀጥሎ ጂኦሜትሪ ይገባል። አልጀብራ 2 የሚመጣው ከዚያ ነው። አልጀብራን መሀል ላይ አንድ ዓመት መዝለሉ፣ እውነት ለመናገር፣ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ርዕሱን ፈልጉ። ልጁን ያስቸገረው ኳድራቲክ እኩልታ ከሆነ አልጀብራ 1 ውስጥ ይጀምር፤ ሎጋሪዝም ከሆነ አልጀብራ 2 ውስጥ ያገኘዋል። «ኮሌጅ አልጀብራ» የሚለው የኮርስ ስምም አያስደንግጣችሁ። አብዛኛው የአልጀብራ 2 ክለሳ ነው።